ትምህርቱ ምን ይመስላል ብዬ የጠየቅኋቸው ልጆች

የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። እናቴ ግን አማርኛ ሳትችል ነው ያለፈችው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ወላይትኛ ብቻ ስለነበር እኔም ቋንቋውን የለመድኩት ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፤ ኋላም መልሼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መተዳደሪያዬ አደረግሁት። ጡረታ ስወጣ በእኔ ቦታ የተተካችው ወጣት መምህርት ሶዶ ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ዘይቤን እንዴት ነበር የሚያስተምሩት? ልጆቹ ትርጉሙን ይሸመድዱታል እንጂ አይጽፉበትም» አለችኝ። አጭር መልስ ያለው ጥያቄ መስሎኝ ጀመርኩላት። ከሰዓቱን ሙሉ አወራኋት፤ አልጨረስኩም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ ጉኑኖ የምትባል የወላይታ ትንሽ ከተማ ነበረች። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ የዘመኑ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ የአማርኛ ክፍል ኃላፊው ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ነበር የሚይዙት፤ ጣታቸው እንዳይነጣ ሳይሆን ጠመኔው እንዳይሰበር። የተማሪ ጽሑፍ ሲያርሙ አይቀመጡም። መስኮቱ አጠገብ ይቆሙና ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነቡታል፤ ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። «ጆሮሽ ያልሰማውን እጅሽ አይፍረድበት» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን እኔ ሳርም ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። አንድ ልጅ «ፀሐይ ወደ ቤቱ ሄደ» ብሎ ጽፏል። እኔም ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዤ ከላዩ «ፀሐይ ጠለቀች» ብዬ ልጽፍ ነው። ጋሽ አንጁሎ እጄን በቀስታ ያዙ።

«ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» አሉኝ።

«ፀሐይ በአማርኛ ሴት ናት። ደግሞም 'ወደ ቤቱ ሄደ' አይባልም።»

«ጾታውን አርሚለት» አሉ። «ቤቱን ግን አትንኪበት።»

ያን ቀን ያሉኝን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ልጆቹ በወላይትኛ አስበው በአማርኛ ይጽፋሉ። መሀል መንገድ ላይ ብዙ ነገር ይጎድላል፤ አንዳንዴ ግን አማርኛው ያልነበረው ነገር ይዘው ይገባሉ። ጋሽ አንጁሎ የሚጠብቁት ያንን ነበር።

ዘይቤ ሲያስተምሩ ትርጉም አስቀድመው አይሰጡም። አንድ ተማሪ ተነስቶ «ወንድሜ እንደ አንበሳ ጀግና ነው» ይላል፤ ከመጽሐፉ የወሰደው ነው።

«አንበሳ የት አየህ?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«ወንድምህንስ?»

«ቤት።»

«እንግዲያው እዚያው ቤት ውስጥ ፈልግ።»

በማግስቱ ልጁ «ወንድሜ የቤታችን ምሰሶ ነው፤ ምስጥ በልቶትም ቆሟል» ብሎ መጣ። ጋሽ አንጁሎ ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ሰሌዳው ዞረው «እንደ» ብለን ካነጻጸርን አነጻጻሪ ዘይቤ፣ «ነው» ካልን ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ እንደሚባል ጻፉ። የዘይቤው ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኔም እስከ መጨረሻው እንደዚያ አስተማርኩ።

ከጉኑኖ በኋላ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ መዝገብ ይወድ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ። ጋሽ አንጁሎ በጡረታ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። እኔም ፀጉሬ ሸበተ፤ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች የድሮ ተማሪዎቼ መሆን ጀመሩ። ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው ኮሮና የመጣው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ በዓል የመጣላቸው መስሏቸው ነበር። ሳቃቸው እስከ በሩ ይሰማል። እኛ መምህራን ግን ተጠርተን በቴሌግራም እንድናስተምር ተነገረን። ርዕሰ መምህሩ ስልክ ይዘን እንድንመጣ አደረጉና አንድ የኮምፒውተር መምህር ቻናል እንዴት እንደሚከፈት አሳየን። እኔ ስልኬን ከመደወልና ከመዝሙር ሌላ ለምንም ተጠቅሜበት አላውቅም።

መጀመሪያ ማስታወሻ እየጻፍኩ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ፎቶው ከባድ ስለሆነ ገጠር ያሉት አልከፈተላቸውም። ቪዲዮ ደግሞ ካርድ ይጨርሳል። በመጨረሻ የደረስኩበት አጭር ድምፅ መላክ ነው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ምሳሌ፣ አንድ ጥያቄ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ መሀል ላይ እንደሚቆም ተማርኩ። ቤት ውስጥ ድምፄ ስለሚያስተጋባ ጓሮ ወጥቼ እንሰቱ መሀል ቆሜ ነበር የምቀዳው። ጎረቤት ዶሮ አለ። ሳስተምር ይጮሃል፤ ደግሜ ስቀዳ ደግሞ ይጮሃል። በመጨረሻ ተውኩት።

የከበደኝ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ስናገር ፊት አያለሁ። የገባው ግንባሩ ይፈታል፣ ያልገባው ጎረቤቱን ያያል። ቻናሉ ግን ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ማን እንዳየው አይነግርም። ያየው ይግባው አይግባውም አይነግርም።

መልስ የሚልኩልኝ ጥቂት ነበሩ። ከሁሉም በላይ የሚጽፈው ታምራት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ። ስለሚንተባተብ አልጠይቀውም ነበር፤ እንዳላሳፍረው ብዬ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ስልክ ሁለት ገጽ መልስ ይመጣል። ምህረት ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከሁሉ በፊት እጇን የምታወጣው ልጅ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነበር የምትታየው። እሷም በአባቷ ስምና ፎቶ ነው የምትመጣው። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ሰው ስለ ሰውኛ ዘይቤ ጥያቄ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ምህረት ሶዶ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው፤ ሲዘጋ ቦዲቲ አጠገብ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ተመለሰች።

ትምህርት ሲከፈት በፈረቃ፣ በግማሽ በግማሽ ተከፍለው መጡ። አፋቸው ተሸፍኗል፣ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ጥያቄ ስጠይቅ ዓይን ብቻ ያየኛል። ጋሽ አንጁሎ ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ አሰብኩና መጽሐፉን ዘጋሁት። ለእያንዳንዳቸው ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁ።

«የቴሌግራም ትምህርት ምን ነበር? አንድ ነገር አድርጉት። ከዚያ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ንገሩኝ» አልኳቸው።

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች የጠበቅሁት ዓይነት ነበሩ። «የእውቀት ብርሃን ነው»፣ «የቴክኖሎጂ ቁልፍ ነው»። ከግድግዳ ላይ የተገለበጡ ናቸው። ሰብስቤ መለስኩላቸው። «ይህን የት አያችሁት? ያያችሁትን ነው የምፈልገው» አልኩ። ከዚያ አንዱ አንገቱን ደፍቶ መጻፍ ጀመረ፣ ሌላዋ ተከተለች።

ወረቀቶቹን ቤቴ ወስጄ አነበብኳቸው። አንዱ «የሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ድግሱን ታየዋለህ፣ አትበላም» ብሏል። አንዷ፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ልጅ ናት፣ «የሬዲዮ ስብከት ነው፤ አሜን በሉ ይላል፣ አሜን እንላለን፣ እሱ አይሰማንም» ብላለች። «ዳሞታ ተራራ ነው፤ ከሁሉም ቤት ይታያል፣ የሚወጣው ጥቂት ነው» ያለም ነበር። አንዱ ቀልደኛ «የቲቸር ጎረቤት ዶሮ ነው፤ ከትምህርቱ ያልረሳሁት እሱን ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ብቻዬን ሳቅሁ። አንድ ልጅ ደግሞ እዚህ ቦይና የምንለውን ጎዳሬ አመጣ። «የቦይና ቅጠል ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው። ይወርዳል እንጂ አያረጥብም።» ይህን ሳነብ ጓሮ ወጥቼ ቦይናው ላይ ውሃ አፈሰስኩ። ልክ ነው። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደ፤ ቅጠሉ ደረቅ ነበር።

ምህረት የጻፈችው ይህ ነው፦ «የአባቴ ጫማ ነው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣበታለሁ፤ ሲወጣ አድርጎት ይሄዳል።» አባቷ ነጋዴ ናቸው፤ ስልኩ ከእሳቸው ጋር ገበያ ለገበያ ይዞራል። በማግስቱ ስሟን ሳልጠራ ለክፍሉ አነበብኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ በእሷ ሳይሆን በራሱ። ስንቱ ቤት እንዲያ እንደነበር ከሳቁ አወቅሁ።

የታምራት ወረቀት ላይ «መጋረጃ ነው። ከጀርባው ሆኜ እሰማለሁ» የሚል ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከጎረቤታችን ግቢ ቤት ተከራይታ የምትኖር ዶክተር ሶስና የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነበረች። የመጣችው ከደሴ ነው። ወላይትኛ ለመማር ስትታገል እኔ ጋር እየመጣች ትለማመድ ስለነበር ተዋደድን። የሥራ መስኳ ትምህርት ነውና ወረቀቶቹን ስነግራት ልያቸው አለች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተን እንለያቸው ጀመር። የሚመሰገንበትን በአንድ በኩል፣ የሚማረርበትን በሌላ በኩል። ምሬቱ ክምር ሆነ፤ ምስጋናው አነሰ።

የታምራትን መጋረጃ ከምሬቱ ጋር ሳስቀምጠው ሶስና አንስታ አየችው።

«እርስዎ ይህን ቅሬታ አድርገው ነው ያዩት?» አለች።

«መጋረጃ ይጋርዳል። መምህሯን አላያትም ማለቱ ነው።»

«የጋረደው እርስዎን ነው ወይስ እሱን?»

ወረቀቱን ከእጇ ወስጄ ደግሜ አነበብኩት። «እኔ አላውቅም» አለች፤ «ግን ልጁ አለ፣ ይጠየቃል።»

በማግስቱ ታምራትን ከክፍል ሲወጣ አስቆምኩት። ጥያቄውን ስጠይቀው ለመመለስ ሞከረ፤ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ተያዘ። እጄን ዘርግቼ ወረቀት ሰጠሁት። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጻፈ፦ «የሚሸፍነው እኔን ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ምላሴ አይያዝም። አሁን ተገፈፈ።»

ሁላችንም ክፍሉ በመከፈቱ እግዚአብሔርን ስናመሰግን ለእሱ ደስታ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቻናሉን አልዘጋሁትም። የክፍል ጥያቄዬን እዚያም አስቀምጣለሁ፣ የፈለገ በጽሑፍ ይመልሳል፣ ጥሩውን ከነስሙ ክፍል ውስጥ አነባለሁ። ሌሎች መምህራን «ኮሮናው አለፈ፣ አንቺ ግን ከስልኩ አልወጣሽም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ታምራት ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንድ ጊዜ ደወለልኝ። አልጻፈም፤ ደወለ። ስሙን ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ጠበቅሁት፤ ማን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ፊደል አውቄ ነበር።

የምህረትን ወረቀት ያየን ጊዜ ሶስና «ይህች ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ትመጣለች?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «የፊት ወንበር ላይ ናት» አልኳት። ነበረችም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጓደኞቿ አባቷ ዕቃ ሲያወርዱ ወገባቸው ተሰብሮ እንደተኙ ነገሩኝ።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ቦዲቲ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ባጃጆቹ መሀል አልፌ ወደ አትክልት ተራ ስገባ አየኋት፤ ሽንኩርትና አቮካዶ ከፊቷ ዘርግታ ከአንዲት ሴት ጋር ዋጋ ትከራከራለች። ስታየኝ ተነሳች። የአፍ መሸፈኛዋን ወደ አገጯ አውርዳ እጄን ሳመች።

«ምህረት፣ ትምህርት ቤት እኮ ተከፍቷል።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። ገበያውም ተከፍቷል።»

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ቤት ተቀምጣ ምን ታደርግ ነበር ብዬ ስጠይቃት ከእናቷ ጋር ሽንኩርት መሸጥ ያን ጊዜ እንደጀመረች ነገረችኝ። መጀመሪያ ለማገዝ ነበር። ኋላ እሷ የተሻለ ስትሸጥ እናትየው ቤት ቀሩ። አሁን አባቷ ሲተኙ ቤቱ በእሷ ላይ ሆነ።

ተመልሼ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገርኩ። ሰውየው ደግ ናቸው፤ ገበያ በሌለበት ቀን ብቻ እየመጣች እንድትማር ፈቀዱ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶችም ለቤተሰቡ እህል አሰባሰቡ። ዶክተር ሶስና የሌሎቹን መምህራን ማስታወሻ አስባዝታ አመጣችልኝ። ሁሉንም ይዤ ሄድኩ። ምህረት መጣች። አንድ ሳምንት መጣች። የሚቀጥለው ሳምንት ቀረች።

በሦስተኛው ጉዞዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። አባቷ ጥግ ላይ ተኝተዋል፤ ሰላምታ ሰጥተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እናትየው በወላይትኛ አናገሩኝ፤ ወንበር ሰጥተው፣ የተቀቀለ ቦይና ከዳጣ ጋር አቅርበው። የሚያናግሩኝ እንደ እህት ነበር።

«መምህርት፣ ልጄን እንደምትወጃት አያለሁ» አሉኝ። «እኔ ግን ከእሷ በታች ያሉትንም ነው የወለድኩት።»

ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት። በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ ሁለቱም የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ለብሰዋል። መማሯ ኋላ ለሁሉም እንደሚተርፍ ተናገርኩ። እናትየው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በትሕትና ሰሙኝ። እኔም ስናገር የራሴን ቃል ሰማሁት፤ እውነት ነው፣ ግን የዛሬን እራት አይሆንም።

አራተኛ ጊዜ የሄድኩት የፈተና ምዝገባ ሊዘጋ ሲል ነበር። ምህረት ገና ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ነቀነቀች። እንዳልደክም ነው። ያም ሆኖ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ተናገርኩ፤ ለመንኩ። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ምዝገባው ተዘጋ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ልጅ ከክፍሌ ወጥቶ ቀርቷል። ለአንዳንዱ ጊዜ አላገኘሁም፣ አንዳንዱን ሰው ነግሮኝ ነው የሰማሁት። ለምህረት ግን የማውቀውን ሁሉ አድርጌ፣ የሚረዳኝ ሰው ሁሉ ረድቶኝ አልተሳካም። ጥፋተኛ ብፈልግ አጣሁ። ምናልባት የሚያሳርፍ ነገር መሆን ነበረበት፤ አላሳረፈኝም። እንደዚያ ዓይነት ዐረፍተ ነገር የሚጽፉ ልጆች በሥራ ዘመኔ ከጣቶቼ የማይበልጡ ናቸው ያጋጠሙኝ። ለሶስና ስነግራት፣ እንደ ባለሙያ አንድም ምክር ሳትሰጥ አብራኝ ተቀመጠች። እሷም በኋላ ተዛውራ ሄደች፤ ወላይትኛዋ ግን ከመሄዷ በፊት ጥሩ ሆኖ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ለለቅሶ ቦዲቲ ሄድኩ። ከለቅሶው ስመለስ እግሬ ወደ አትክልት ተራ ወሰደኝ። መሬት ላይ አልነበረችም። ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽ ሱቅ ከፍታለች፤ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ከላይ ዘይትና ሳሙና ተደርድሯል። ሰውነቷ ሞላ ብሏል። ወዲያው ከባንኮኒው ወጥታ በርጩማ አቀረበችልኝ። አባቷ በከዘራ እየሄዱ ነው። ወንድሞቿ ይማራሉ፤ ታላቁ አሁን እሷ ያቋረጠችበት ክፍል ደርሷል።

አላስቻለኝም። «የማታ ትምህርት አለ እኮ፣ ምህረት» አልኳት።

ፈገግ አለች። «ቲቸር፣ ስለ ትምህርት ካልሆነ ከእኔ ጋር የሚያወሩት የለም?»

አፈርኩ። ደግሞም እውነቷን ነበር። በእነዚያ ሁሉ ጉዞዎች ሌላ ነገር አውርቻት አላውቅም።

«እሺ፣ ስለ ምን እናውራ?»

«ስለ እርስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቀኑን ምን ሲያደርጉ ይውላሉ?»

ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳት። ጠዋት ሰዓቱ ሲደርስ ልብሴን ለባብሼ የምሄድበት አጥቼ በር ላይ እንደምቆም ነገርኳት፤ ይህን ለልጆቼም አልነገርኩም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የሷንም ነገረችኝ፦ ከአርሲ የሚመጣው ሽንኩርት እንዴት እንደሚለይ፣ የትኛው ደንበኛ እንደሚያስቃት፣ ሊያገባት የሚፈልግ አንድ ሹፌር እንዳለና ገና እንዳልወሰነች። ሰው ሲመጣ ትነሳለች፣ መዝና ትሰጣለች፣ ተመልሳ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

አንዲት እናት ዘይት ልትገዛ መጣች። እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ በወላይትኛ «እኚህ ማን ናቸው? አክስትሽ ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

ምህረት ዘይቱን እያቀበለቻት ለአፍታ አሰበች። አስተማሪዬ ነበሩ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አይደሉም» አለች። «እኔን ፍለጋ የመጡ ሰው ናቸው።»